የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት መንደፍ የት ልማር? ለድሬዳዋና ለሐረር ባለሙያዎች የቀረበ ንጽጽር

ድሬዳዋ ላይ ጎርፍ እንዲመጣ የግድ ድሬዳዋ ላይ መዝነብ የለበትም። ዝናቡ ከደንገጎ ወዲያ፣ በሐረርጌ ደጋ ላይ ይወርዳል። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ግን ከላይ የወረደው ውሃ ከተማው ተኝቶ ሳለ ደረሰ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሌሎች ብዙዎች የገቡበት ጠፋ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ።

እንዲህ ያለውን አደጋ ቀድሞ የሚናገር ሥርዓት ከሱቅ ተገዝቶ አይመጣም። መለኪያው ይገዛል፣ ሳይረኑ ይገዛል። ንድፉን ግን አካባቢውን የሚያውቅ ባለሙያ ነው የሚሠራው። ይህን ለመማር የሚፈልግ ሰው ዛሬ በድሬም በሐረርም ብዙ ነው። በውሃ ቢሮ፣ በአደጋ ስጋት አመራር፣ በከተማ ፕላን፣ በቀይ መስቀል፣ በዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ የቱን ሥልጠና ልውሰድ?

ምርጫው በዝቷል። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. አንድ ግብ አስታወቁ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2027 መጨረሻ በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ በቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን። ኢትዮጵያ ቅድሚያ ከተሰጣቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ የሥልጠና ማስታወቂያ እንደ ጉድ ይመጣል። አንዳንዱ ሕይወት የሚቀይር ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ቀን ሆቴል፣ አበልና ሰርተፊኬት ነው። የሚከተለው ንጽጽር ሁለቱን እንድትለዩ ይረዳችኋል ብዬ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ አደጋውን ለዩ

«ቅድመ ማስጠንቀቂያ» የሚል ርዕስ የያዘ ሥልጠና ሁሉ አንድ ነገር አያስተምርም። አገራችን በዚህ ሙያ አዲስ አይደለችም። ከወሎው ድርቅ በኋላ በ1966 የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ በውስጡ ተጀመረ። ነገር ግን ያ ሥራ የተቀረጸው ለድርቅና ለረሃብ ነው። የበልግና የክረምት ትንበያ ይታያል። የእህል ዋጋ፣ የከብት ሁኔታ፣ የግጦሽና የውሃ መረጃ ከወረዳ ይሰበሰባል። ውሳኔው የሚወሰደው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ነው።

ደራሽ ጎርፍ እንዲህ ጊዜ አይሰጥም። ከዝናቡ እስከ ከተማው ያለው ሰዓታት ብቻ ነው። የድርቅ ሥርዓት መንደፍ የሚችል ሰው የደቻቱን መንደፍ ይችላል ማለት አይደለም። ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ ሒሳብ፣ ሌላ የውሳኔ መስመር ይፈልጋል። ስለዚህ ማስታወቂያውን ብቻ አትመልከቱ፤ የትምህርቱን ዝርዝር አስልኩና አንብቡት። ወቅታዊ ትንበያ፣ የገበያ ዋጋና የምግብ ዋስትና ከበዛበት የድርቅ ሥልጠና ነው። ለሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ለባቢሌ፣ ለምሥራቅ ሐረርጌ ቆላ ወረዳዎች በጣም ያስፈልጋል። ለሐረርም ያስፈልጋል። የሐረማያ ሐይቅ በአንድ ሌሊት አልደረቀም። ዓመታት ፈጅቶ፣ በሁሉም ሰው ዓይን ፊት ነው የሸሸው። ሐረር ደግሞ የምትጠጣውን ውሃ ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ በኩል ለማስመጣት ተገደደች። ቀስ ብሎ የሚመጣ አደጋም አስጠንቃቂ ይፈልጋል።

የድሬ ዋና ጭንቀት ግን ደራሽ ጎርፍ ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ይበልጥ ለእሱ ነው።

ሰንሰለቱ የት ላይ ነው የሚበጠሰው?

በዓለም ላይ የሚሠራበት አከፋፈል የቅድመ ማስጠንቀቂያን ሥርዓት በአራት ይከፍለዋል። ስጋቱን ማወቅ፣ መከታተልና መተንበይ፣ መልእክቱን ማድረስ፣ ሰው እንዲንቀሳቀስ ማዘጋጀት። አራቱ አንድ ሰንሰለት ናቸው። አንዱ ከተበጠሰ ሌሎቹ ሦስቱ ሰው አያድኑም።

አብዛኛው ሥልጠና የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው። ሳተላይት፣ ሞዴል (ጎርፉን በኮምፒውተር የሚያሰላ ፕሮግራም)፣ ትንበያ። ምክንያቱ ይገባኛል። ለማስተማር ይቀላል፣ ስክሪን ላይም ያምራል። እኔ ግን ድሬ ላይ የሚያሳስበኝ ሦስተኛውና አራተኛው ነው። ዝናቡ የሚወርደው በኦሮሚያ ክልል፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳዎች ነው። ጎርፉ የሚያርፈው በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደጋ ያለው ሰው ለማን ነው የሚደውለው? የተደወለለት ሰው ሳይረኑን ለመንካት ሥልጣን አለው ወይስ አለቃውን መቀስቀስ አለበት? መልእክቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል? መብራት ከሄደ፣ ስልክ ከተዘጋስ? የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የዕድር ጥሩንባ በዕቅዱ ውስጥ አሉ? አሸዋው ዳር ዕቃው ላይ የሚተኛውን ነጋዴ ማን ይቀሰቅሰዋል?

በሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ይህን በመራራ መንገድ አሳይቶናል። መጀመሪያ ጥቂት ቤቶች ተቀበሩ። ሰው እነሱን ለማውጣት ተሯሩጦ ተሰበሰበ። ከዚያ ሁለተኛው ናዳ በአዳኞቹ ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የተንሸራተተ ተራራ ሥር መሰብሰብ አደገኛ መሆኑን ቀበሌው ቀድሞ እንዲያውቅና እንዲለማመድ ማድረግ የአራተኛው ክፍል ሥራ ነው። ለዚህ ሳተላይት አያስፈልግም። የሠለጠነ ሰውና ልምምድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሥልጠና ከመምረጣችሁ በፊት የመሥሪያ ቤታችሁን ሰንሰለት ቁጭ ብላችሁ መርምሩ። የተበጠሰው የትኛው ነው? ሥልጠናችሁ እሱን የሚነካ ይሁን።

በደቂቃ ማሰብ የሚያስተምር ነው?

ጥሩ ሥልጠናን ከደካማው የምለይበት አንድ ሒሳብ አለኝ። ለምሳሌ ያህል እንጂ የደቻቱ ልክ አይደለም። የዝናብና የውሃ መለኪያው ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ላይ አለ እንበል። ጎርፉ በሰከንድ 3 ሜትር ይጓዛል። ከተማ ለመድረስ 111 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ብዙ ይመስላል።

አሁን ቀንሱ። መለኪያው መረጃ የሚልከው በየ15 ደቂቃው ነው። ተረኛው አይቶ፣ አጣርቶ፣ አለቃውን አግኝቶ ለመወሰን 30 ደቂቃ ወሰደበት። መልእክቱ ቀበሌ ደርሶ ሰው ጆሮ እስኪገባ 25 ደቂቃ ሄደ። የቀረው 41 ደቂቃ ነው። በዚህ ውስጥ እናት ልጆቿን ቀስቅሳ፣ አሮጊቷን ደግፋ፣ በጨለማ ከፍ ወዳለ ቦታ መድረስ አለባት። ውሃው ከገመታችሁት ከፈጠነ ደግሞ ከዚህም ያንሳል።

ይህን ሒሳብ የማያሠራ ሥልጠና ንድፍ አያስተምርም። የሚያሠራው ግን ዓይን ይከፍታል። 30ውን ደቂቃ ወደ 5 ለማውረድ አዲስ ሞዴል እንደማያስፈልግ ወዲያው ይታያችኋል። የሚያስፈልገው በጽሑፍ የተሰጠ ሥልጣን ነው። «መለኪያው ይህን ያህል ካነበበ ተረኛው ማንንም ሳይጠይቅ ሳይረኑን ይንካ» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት።

የዚያ ወረቀት ቁጥር ስንት ይሁን የሚለው ሌላ ትልቅ ትምህርት ነው። ገደቡን ዝቅ ካደረጋችሁት ሳይረኑ በየዝናቡ ይጮኻል፣ ሰው ይሰለቻል፣ በእውነተኛው ቀን ይተኛል። ከፍ ካደረጋችሁት ጎርፉ ይቀድማችኋል። ትክክለኛው መልስ በሒሳብ ብቻ አይገኝም። ከነዋሪው ጋር መነጋገር ይፈልጋል። በዓመት ስንት ጊዜ ያለምክንያት ብትቀሰቀሱ ትታገሣላችሁ ብሎ ገንደ ቆሬ ሰፈር ሄዶ መጠየቅ። አሠልጣኙን ስለ ሐሰት ማስጠንቀቂያ ጠይቁት። ከልምዱ የሚናገር ከሆነ ያስታውቃል።

አማራጮቹ

*አገር ውስጥ ማስተርስ።* ለምሥራቁ ሰው ቅርቡ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ድሬና ሐረር መሃል። በአግሮሜትሮሎጂና በተፈጥሮ ስጋት አመራር ማስተርስ ሲያስተምር ቆይቷል። የደጋውን ዝናብ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ግቢው ራሱ ዝናቡ በሚወርድበት ደጋ ላይ ነው። አርባ ምንጭ በውሃ ምህንድስናና በሜትሮሎጂ የቆየ ስም አለው። የጎርፍ ሞዴል በእጁ መሥራት ለሚፈልግ መሐንዲስ እሱ ይሻላል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ስጋት አመራርን ራሱን ችሎ ያስተምራል። ሥራቸው ማስተባበርና ማኅበረሰብ ላይ ለሆነ ሰዎች የምመክረው እሱን ነው። የመሬት መንቀጥቀጥና እሳተ ገሞራ ከሆነ የሚስባችሁ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ክፍል ሂዱ። ለስምጥ ሸለቆ ጎረቤት ያ ትንሽ ነገር አይደለም።

የማስተርስ ትልቁ ሀብት የመመረቂያ ጥናቱ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ወንዝ ላይ መቀመጥ በሌላ ሥልጠና አይገኝም። ትልቁ ችግሩም እዚያው ነው። ብዙ ጥናት የጎርፍ ተጋላጭነት ካርታ ሠርቶ ያቆማል። ካርታው ቀይና አረንጓዴ ይቀባል፣ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ይገባል። እባካችሁ አንድ ምዕራፍ ጨምሩ፦ ይህን ካርታ ይዞ ተረኛው በሌሊት ምን ያደርጋል? አማካሪያችሁ ባይጠይቃችሁም ጻፉት።

*ውጭ አገር።* ሦስት ቦታ ልጥቀስ። ኔዘርላንድስ፣ ኤንስኼዴ ያለው አይቲሲ በሳተላይት መረጃና በካርታ ሥራ ጠንካራ ነው። እዚያው አገር ያለው አይኤችኢ ዴልፍት ለውሃ መሐንዲስ ነው። ጃፓን፣ ጹኩባ ያለው አይቻርም ደግሞ ውሃ ነክ አደጋዎች ላይ ብቻ የሚሠራ ማዕከል ነው። በጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ የአንድ ዓመት ማስተርስ ይሰጣል፤ የተዘጋጀውም በዋናነት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው። ጥቂት ዓመት ለሠራና ችግሩን ለሚያውቅ ሰው ከሦስቱ የማስቀድመው ይህን ነው። አንድ ዓመት አጭር ነው፤ መሥሪያ ቤት ይፈቅዳል፣ ቤተሰብም ይችለዋል።

ውጭ የሚማር ሰው አንድ አደጋ አለበት። የሚሠራበት ምሳሌ ራይን ወይም ሌላ ትልቅ ወንዝ ይሆናል። መለኪያ የሞላበት፣ የብዙ አሥርት ዓመታት መረጃ ያለው። ደቻቱ እንዲህ አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁን መረጃ ሰብስባችሁ ያዙ። የዝናብ መዝገብ፣ የቆዩ ፎቶዎች፣ ውሃው በ1998 የደረሰበት የግድግዳ ምልክት፣ የሽማግሌዎች ትዝታ። የመጨረሻ ፕሮጀክታችሁን በእሱ ሥሩ።

*አጫጭር ሥልጠናዎች።* ናይሮቢ አጠገብ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል የምሥራቅ አፍሪካን አገሮች ባለሙያ ያሠለጥናል። በወቅታዊ ትንበያና በድርቅ ላይ ብርቱ ነው። ለደራሽ ጎርፍ ብቻውን አይበቃም። ይሁንና ከጅቡቲ፣ ከሶማሊያ፣ ከኬንያ የሥራ ጓደኛ ታፈሩበታላችሁ። ያ ትውውቅ ሰርተፊኬቱን ያስከነዳል። ከዚህ ውጭ ያሉትን የሁለትና የሦስት ቀን ወርክሾፖች ለመነቃቂያ ውሰዷቸው። ንድፍ አይማሩባቸውም።

*ኢንተርኔት ላይ በነፃ።* ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከዚህ ጀምሩ። አሜሪካ ያለው የኮሜት ፕሮግራም ሜትኤድ የሚባል የነፃ ትምህርት ቤት አለው። መመዝገብ ብቻ ነው። ስለ ደራሽ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የተዘጋጀ ሙሉ መመሪያም አለው። መለኪያ የት እንደሚተከል፣ ገደብ እንዴት እንደሚወጣ፣ ማዕከሉ ስንት ሰው እንደሚፈልግ ሳይቀር ይናገራል። ሄክ-ኤችኤምኤስና ሄክ-ራስ የሚባሉት የጎርፍ ሞዴሎች፣ የካርታ ፕሮግራሙ ኪውጂአይኤስም በነፃ ይገኛሉ። መለኪያ በሌለበት ደጋ ላይ የዝናብ ታሪክ ለማየት ቺርፕስ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን የሳተላይትና የጣቢያ መረጃ አዋሕዶ ይሰጣል።

አንድ ማሳሰቢያ። ግሎፋስን የመሳሰሉ ዓለም አቀፍ የጎርፍ ትንበያዎች የተሠሩት ለትልልቅ ወንዞች ነው። ለአዋሽ ወይም ለዋቢ ሸበሌ ይጠቅማሉ። እንደ ደቻቱ ላለ አጭርና ቁልቁል ወንዝ አይሆኑም። ስክሪኑ ላይ ምንም ምልክት የለም ብሎ መተኛት አይቻልም።

የዚህ መንገድ ድክመት ግልጽ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ስህተታችሁን የሚያርማችሁ የለም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከተማራችሁ ግን የመጨረሻው ችግር ይቀላል። ዶክመንቶቹን ኔትወርክ ሲሻል አውርዳችሁ አስቀምጡ።

*ሥራ ላይ ተቀምጦ መማር።* ማስታወቂያ የማይወጣለት ይህ ነው። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህንኑ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ከሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ሠሪዎች ጋር መቀመጥ። የአደጋ ስጋት አመራር ተረኛ ሆኖ ሌሊቱን ማደር። የላይኛው ተፋሰስ ቀበሌዎች ድረስ ወጥቶ ውሃው የሚጀምርበትን ሸለቆ በእግር መሄድ። ስልክ የማይይዝበትን ቦታ፣ ደውሎ የሚነግር ገበሬ ማን እንደሆነ፣ ሳይረኑ የማይሰማበትን ሰፈር በካርታ አታገኙትም። የሚያስፈልገው የሁለት መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤና ታጋሽ አለቃ ነው። ሰርተፊኬት የለውም፤ ለደረጃ ዕድገት አይቆጠርም። ቢሮዎቹ ይህን ቢያስተካክሉ ትልቅ ውለታ በሆነ ነበር።

ታዲያ የቱን?

ገና የተመረቃችሁ ከሆናችሁ ወደ ማስተርስ አትቸኩሉ። ከጥር ጀምራችሁ የነፃውን ትምህርት ውሰዱ፤ በልግ ሲገባ ደቻቱ እንዴት እንደሚሞላ በዓይናችሁ አይታችሁ ክረምቱን ሥራ ላይ አሳልፉ። ከዚያ በኋላ የምትጽፉት የማስተርስ ማመልከቻ ሌላ ይሆናል። የምትጠይቁት ጥያቄ የራሳችሁ ነዋ።

የውሃ መሐንዲስ ከሆናችሁና ጥቂት ዓመት ከሠራችሁ ጃፓን ወይም ዴልፍት ሞክሩ፤ ካልተሳካ አርባ ምንጭ አያሳፍርም። የሜትሮሎጂ ሰው ከሆናችሁ ትንበያውን ታውቁታላችሁ። የሚጎድላችሁ ትንበያውን ወደ ጉዳት ቋንቋ መለወጥ ነው። «40 ሚሊሜትር ይዘንባል» ሳይሆን «አሸዋው ዳር ያሉ ሱቆች ውሃ ይገባባቸዋል፣ ድልድዩን አትሻገሩ» ማለት። ስለዚህ ጉዳት ላይ የተመሠረተ ትንበያ የሚል ርዕስ ያለው ሥልጠና ፈልጉ። የሕዝብ ግንኙነት ወይም የማኅበረሰብ ሠራተኛ ከሆናችሁ ሞዴል መማር አይጠበቅባችሁም። ባሕር ዳርን አስቡ፤ ከቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች ጋርም ሥሩ። ቤተሰብ ይዛችሁ ከከተማ መውጣት የማትችሉ ደግሞ ሐረማያንና የነፃውን ትምህርት ብታጣምሩ ምንም አይጎድልባችሁም። ከድሬ ቅዳሜና እሁድ ደርሶ መልስ የሚቻል ቦታ ነው።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ሰው ብቻ ልካችሁ አታሠልጥኑ። የሠለጠነው ሲዛወር ወይም ድርጅት ሲቀጥረው ሥርዓቱ አብሮ ይሄዳል። ሁለት ላኩ፤ አንዱ ቁጥር የሚሠራ፣ አንዱ ቀበሌ የሚወርድ። አንዱን ከድሬዳዋ፣ ሌላውን ከላይኛው ተፋሰስ ወረዳ ብታደርጉት ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚደዋወሉት ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ አብረው የተማሩ ይሆናሉ። የድጋፍ ደብዳቤው ላይም ሲመለሱ በየትኛው ወንዝ ላይ፣ ለየትኛው ክረምት፣ ምን ሠርተው እንደሚያስረክቡ በስም ይጻፍ።